ልጄ በኳስ የጎረቤት ስፖኪዮ ሰበረ፤ ማን ነው የሚከፍለው?

የሦስት እናት፦ ሰላም ቤተሰብ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የ14 ዓመት ልጄ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲለጋ የጎረቤት ቪትዝ መታ። የግራ ስፖኪዮው መስታወት ብትንትኑ ወጣ፤ ሽፋኑም ተሰነጠቀ። ባለመኪናው ማታ መጥቶ «25 ሺህ ብር አምጪ፣ አለዚያ ልጅሽን አሳስረዋለሁ» አለኝ። የልጆቹ አባት ዱባይ ነው የሚሠራው። እውነት ያስሩታል? «ተጠያቂው አባትየው ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም» ያለኝም አለ። እንቅልፍ አጣሁ።

ባለ ኮሮላ፦ እህቴ፣ ከፍለሽ ተገላገዪ። እኔም ተሰብሮብኛል። ያበገነኝ ግን መስታወቱ አልነበረም። ወላጆቹ «ልጅ አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁብኝ። መጀመሪያ ይቅርታ በይው።

ጠበቃው፦ እስሩን እርሺው። ንብረት ማበላሸት ወንጀል የሚሆነው ሆን ተብሎ ሲደረግ ነው፤ ይሄ ያመለጠ ኳስ ነው። ለነገሩ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል ጭራሽ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለውም ቢያጠፋ እንኳ እንደ አዋቂ አይቀጣም።

ገንዘቡ ግን ሌላ ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2124 ላይ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። የነገረሽ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶታል መሰለኝ። ቀጥሎ ያለው 2125 ደግሞ ልጁን የምታስተዳድረው እናት ከሆነች በአባት ፈንታ እሷ ትጠየቃለች ይላል። ስለዚህ «አባቱ ዱባይ ነው» ብሎ ማምለጥ የለም። ሰውየውም ቢሆን ያሻውን ቁጥር መጥራት አይችልም፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝም ብትይው ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መክሰሻ 2 ዓመት አለው። ስትከፍዪ አስፈርሚው።

ባለጋራዡ፦ ማጠፊያው ሞተር ይሠራል? ከሠራ መስታወቱ ለብቻው ይቀየራል። ስንጥቁም ትንሽ ከሆነ ተጠግኖ ይቀባል። 25 ሺህ ያለሽ የሙሉውን ዋጋ ይዞ ነው። ሁለት ቦታ ዋጋ አስወጪ፣ እሱም ባለበት ይሁን።

አራተኛ ፎቅ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የኔዋ ደግሞ የልጅ መነጽር የሰበረችው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ልክፈል?

ጠበቃው፦ በእነሱ ጥበቃ ሥር እያለች ከሆነ በወላጅ ፈንታ የሚጠየቀው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። ያው 2125 ነው፣ አሳያቸው።

የሦስት እናት፦ ተባረኩ! ልጁን ይዤ ሄጄ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው ቶሎ በረደ፤ ቡና ሁሉ አስፈላልን። ቅዳሜ አብረን ጋራዥ ሄድን፣ ሞተሩ ደህና ነው። መስታወቱ፣ ጥገናውና ቀለሙ 7 ሺህ ብር መጣ። ብሩን ስሰጠው «ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ፈረመ፤ ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። ልጁ ኳሱን እንደገና ይዞ ወጥቷል። ቪትዟ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምትቆመው ከጥበቃው ቤት ጀርባ ነው።