ለ13 ሳምንት የነርስነት ኮንትራት ሆስፒታል ስንመርጥ ምንን እናስቀድም?

ጥያቄ፦ የአዘዞው ነርስ

ለተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቄ እዚያው ሆስፒታል ጥቂት ዓመታት ካገለገልኩ በኋላ በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄጃለሁ፤ የአገሩን የነርሶች ፈተና አልፌም በሜሪላንድ በቋሚነት ስሠራ ቆይቻለሁ። በዓሉን ከእናቴ ጋር ለማክበር መጥቼ አሁን አዘዞ ነው ያለሁት። ስመለስ ቋሚውን ሥራ ትቼ ትራቭል ነርስ፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ኮንትራት ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረ የሚሠራ ነርስ፣ ለመሆን ስለወሰንኩ ኤጀንሲዬ ሁለት ኮንትራቶች አቅርቦልኛል። ሁለቱም በልብ ክትትል ክፍል፣ ለ13 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት የሌሊት ሽፍት ሲሆኑ የሚጀምሩት በመጋቢት ነው። አንደኛው በካሊፎርኒያ የሚገኝ መካከለኛ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው በቴክሳስ የሚገኝ ስመ ጥር የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን ሳምንታዊ ክፍያውም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

የካሊፎርኒያዋ የክፍል ኃላፊ በስልክ ልታነጋግረኝ ቀጠሮ ይዛለች፤ የእሷ ረፋድ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይውላል። የቴክሳሱን ቀጠሮ ገና እጠብቃለሁ። ቤተሰቦቼ ስሙ የታወቀውን እንድመርጥ ይወተውቱኛል፤ እኔ ግን ለጥቂት ሳምንታት ለሚሄድ እንግዳ ነርስ የሆስፒታሉ ዝና ምን እንደሚጠቅመው አልታየኝም። ከክፍያውና ከስሙ ሌላ ምንን ልመዝን? በቃለ መጠይቁስ እኔ በበኩሌ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

እኔም የጎንደር ምሩቅ ነኝ፤ በኮንትራት መሥራት ከጀመርኩም ሰንብቻለሁ። ምክሬ ክፍሉን እንዲመርጡ ነው። የሆስፒታል ስም የሚገነባው በስፔሻሊስቶቹና በምርምሩ ነው፤ እርስዎ ግን ሌሊቱን የሚያነጉት በአንድ ኮሪደር ከጥቂት ነርሶች ጋር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነርስ የሚይዘው የታካሚ ቁጥር ነው። ካሊፎርኒያ ይህንን በሕግ ወስናለች፤ ሕጉ በ1999 ወጥቶ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በልብ ክትትል ክፍል ከ2008 ወዲህ ለአንድ ነርስ ከአራት በላይ ታካሚ አይሰጠውም፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁጥሩ ነርሱ ለዕረፍት በወጣበት ሰዓትም መጠበቅ ስላለበት ታካሚዎቹን የሚረከብ ተተኪ ያስፈልጋል። በቴክሳስ ግን ቁጥሩን የሚደነግግ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል በውስጡ በሚያቋቁመው ኮሚቴ አማካይነት የራሱን ዕቅድ ያወጣል።

ኃላፊዋን «በአብዛኛው ስንት ታካሚ ይያዛል?» ብለው አይጠይቋት፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ የትም ቦታ ጥሩ ነው። «ትናንት ሌሊት እያንዳንዱ ነርስ ስንት ያዘ? ረዳቶችስ ስንት ነበሩ?» ይበሏት። ቀጥለው ሌላ ክፍል ሰው ሲያጥረው ማን እንደሚዛወር ይጠይቁ። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚላከው ትራቭል ነርስ ነው፤ መላኩ በራሱ ባይከፋም፣ ባልሠለጠኑበት ክፍል ችግር ቢደርስ የሚጠየቁት እርስዎ፣ አደጋ ላይ የሚወድቀውም የሙያ ፈቃድዎ ነው። ከነርሶቹ ግማሽ ያህሉ የኮንትራት ሠራተኞች ከሆኑም ቋሚዎቹ ለምን እንደለቀቁ ማወቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የመጋቢቱ ጉዳይ ነው። ሆስፒታሎች በኮንትራት ነርስ ላይ ከፍተኛ ገንዘብ የሚያወጡት ኢንፍሉዌንዛ በሚበረታባቸው የብርድ ወራት ነው። ብርዱ ሲያልፍ ታካሚ ይቀንሳል፤ ሽፍት ሲሰረዝም ዱላው ቀድሞ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው። ኮንትራቱ 36 ሰዓት ስላለ ብቻ የ36 ሰዓት ክፍያ ይገኛል ማለት አይደለም፤ የተረጋገጠ ሰዓት የሚል አንቀጽ ከሌለ ወይም ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ሊሰርዝ የሚችለው የሽፍት ቁጥር ካልተገደበ፣ ያ ከፍ ያለ ክፍያ በወር ውስጥ ጥቂት ሽፍት ሲሰረዝ ከዝቅተኛው ሊያንስ ይችላል።

መልስ፦ ሲስተር፣ ከጎንደር

ወንድም ዓለም፣ እኔ እዚሁ በሙያው ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ የምጨምርልህ በዋርድ ውስጥ ስላየሁት ነው። ከመተማም ይምጣ ከደባርቅ፣ እኛ ዘንድ ታካሚ ብቻውን አይመጣም፤ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ሮጦ የሚጠራን ወንድሙ ወይም ልጁ አልጋው ሥር ጋቢ ተከናንቦ ያድራል። ወደዚያ የሄዱ ልጆቻችን ሲነግሩኝ ይህ ሁሉ የነርሷና የረዳቷ ሥራ ነው። ስለዚህ «አራት ታካሚ» መባሉ ብቻውን አያጽናናህ፤ አራቱም በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጡ ከሆኑና ረዳት ከሌለች ሌሊቱ አይገፋም።

ሁለተኛው ነገር ርክክቡ ነው። አልጋ ለአልጋ እየተዞረ ርክክብ የሚደረግበትን ክፍል ምረጥ። ወጪዋና ገቢዋ ነርስ አብረው ቆመው ኦክሲጅኑ በስንት እንደተከፈተ፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የተተከለበት ክንድ ማበጥ አለማበጡን፣ የግሉኮሱን አወራረድ ሲያዩ፣ በቻርቱ ያልሰፈረው ይገኛል። ነባር ነርሶች ታካሚውን ከትናንት ወዲያ ጀምረው ስለሚያውቁት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠውም ይግባባሉ፤ እንግዳ ግን በእንዲህ ያለ ርክክብ ይጎዳል። እኔ ለጥቂት ሳምንት የሚመደብልኝን ነርስ አስቀድሜ የማሳየው የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪው የት እንደሚቆምና ሌሊት ለየትኛው ሐኪም እንደሚደወል ነው። አንተንም በመጀመሪያው ሽፍት ይህንን የሚያሳይህ ማን እንደሆነ በስልክ ጠይቅ።

መልስ፦ ከባልቲሞር

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልናገር። ኤጀንሲው የሚነግርዎት ሳምንታዊ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝንና የቤት ኪራይና የምግብ አበልን አንድ ላይ የደመረ ነው። አበሉ ከግብር ነፃ የሚሆነው በግብር ሕጉ ዘንድ ቋሚ መኖሪያ የሚባል ቦታ ኖሮዎት፣ የዚያንም ቤት ወጪ የሥራ ቦታዎንም ኪራይ ጎን ለጎን ሲከፍሉ ነው። ስለዚህ የሜሪላንዱን ቤት ለቀው ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት የግብር ባለሙያ ያማክሩ። ሜሪላንድና ቴክሳስ በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ የብዙ ግዛት ፈቃድ ካለዎት ቴክሳስ ውስጥ ይሠራሉ፤ ካሊፎርኒያ ግን የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል።

የአዘዞው ነርስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሲስተር፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የካሊፎርኒያዋ ኃላፊ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ስላለፈው ሌሊት ስጠይቃት የምደባ ሰሌዳውን እያየች ነርሶቹ ሦስትና አራት ታካሚ እንደያዙ፣ ረዳቶቹም ስንት እንደነበሩ ነገረችኝ፤ ርክክቡም አልጋ አጠገብ ነው። ስለ መዛወር ግን «እንደ አስፈላጊነቱ» ከማለት አላለፈችም። ከቴክሳሱ ደግሞ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ ማመልከቻዬን ብቻ አይተው እንደተቀበሉኝ ኤጀንሲው አሳውቆኛል። የካሊፎርኒያ ፈቃድ አስቀድሜ ስላወጣሁና የሜሪላንዱን ቤት ስላልለቀቅሁ ወደ ካሊፎርኒያው አዘንብያለሁ። ስለ መዛወሩ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

ያለ ቃለ መጠይቅ መቀበል የተለመደ ነው፤ ሆኖም የክፍሉን ኃላፊ ሳያነጋግሩ ቴክሳስን ባይፈርሙ እመርጣለሁ። ለካሊፎርኒያው ሊዛወሩባቸው የሚችሉት ክፍሎች በስም ተዘርዝረው በኮንትራቱ እንዲገቡ ኤጀንሲውን በኢሜይል ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ከልብ ክትትልና ከአጠቃላይ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ባይወጣ መልካም ነው። ሆስፒታሉ በዚህ ካልተስማማ፣ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ አስቀድሞ ማለማመጃ እንዲሰጥዎት ያስጽፉ። የተረጋገጠውን ሰዓትም በዚያው ኢሜይል ያንሱት። የተስተካከለው ኮንትራት በሁለቱም ወገን ተፈርሞ እስኪደርስዎት ድረስ ለኪራይ ቤት ቀብድ አይላኩ።