«ብረቱ ተሟጥጧል» ሲባል የት ሄደ ማለት ነው?

ተርጓሚው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተያዝኩ። «ዜታ ኦፊዩኪ ወደተባለው ኮከብ በሚወስደው መስመር ያለው ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ብረት ከ99 በመቶ በላይ ተሟጥጧል፤ ከሌላው ጋር እምብዛም የማይዋሃደው ጋስ ክሪፕተን ግን ብዙም አልተሟጠጠም።» «ተሟጠጠ» ያስኬዳል?

ሥርወ ቃል፦ አያስኬድም። መሟጠጥ እንጥፍጣፊ እስኪጠፋ መጨለጥ ነው። ብረቱ ግን ከደመናው አልወጣም፤ ከጋሱ ወጥቶ አቧራው ውስጥ ገብቷል። ግእዙ ሐጸ ነው፤ «ሕጸጽ» በለው። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ያውቀዋል፦ 30 ይሆናል የተባለው የጨረቃ ወር 29 ሲሆን የጎደለችው ቀን ሕጸጽ ናት። ይህም ቁጥር ከሚጠበቀው ላይ የታየው ሲቀነስ የሚገኝ ነው።

መስመር ቆጣሪ፦ ንጽጽሩ ያምራል፤ ግን ዛሬ ሕጸጽ ማለት እንከን ነው። «የብረት ሕጸጽ» ያነበበ ሰው ልኬቱ ተሳስቷል ይላል። የልኬት እንከን ደግሞ በእርግጥ የሐሰት ጉድለት ይፈጥራል! የብረት አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ አተም) የኮከቡን ብርሃን ሲውጥ የሚተወው፣ 2382 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ላይ ያለው ጥቁር መስመር ከ2260ው 130 ጊዜ ያህል ስለሚበረታ ቶሎ ይጠግባል፤ አተም ቢጨመርም እምብዛም አይሰፋም። ከእሱ የቆጠረ ብረቱን ያሳንሳል። ስለዚህ ደካሞቹን 2249ንና 2260ን ያዙ። 2260 ላይ የተዋጠው ብርሃን 0.03 አንግስትሮም ስፋት ቢኖረው፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 2.7×10¹⁴ የብረት አዮን ያህል ነው። ሃይድሮጅኑ፣ የሞለኪዩሉ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ፣ በዚያው ካሬ 10²¹ ከሆነ ፀሐይ ውስጥ ባለው ምጣኔ 3.2×10¹⁶ ብረት ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ሥርወ ቃል፦ አንባቢ ስለተሳሳተ ቃል አይጣልም። መዝሙር 1 «ከመ መሬት ዘይግሕፎ ነፋስ» ይላል፤ በግእዝ መሬት አቧራም ነው። ዛሬ ሌላ ስለመሰለን ዳዊትን እናርም?

ልክ፦ «ጉድለት» ይበቃል። ጎደለ ያለ ሰው ሙሉውን ያውቃል ማለት ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ነው። አንድ አሃድ አሥር እጥፍ በሆነበት የሎጋሪዝም ሚዛን ሃይድሮጅንን 12 ብለን ስንነሣ የፀሐይ ብረት 7.50፣ ኦክስጅን 8.69 ነው። መነሻው በ0.1 ቢዛነፍ የጋሱ ብረት ከፀሐዩ ሲነጻጸር −2.3ም −2.2ም ቢባል ያው ነው። ኦክስጅን ግን የሚጎድለው በጥቂቱ ስለሆነ መደምደሚያው ይገለበጣል። አዮኑንም አትርሱ፦ ካልሲየምን አንድ ኤሌክትሮን ባጣው አዮን የ3933 መስመር ብቻ የለካ፣ አብዛኛው ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ ከዚያ መስመር ስለተሰወረ፣ ከአቧራው ድርሻ በላይ ጎደለ ይላል።

ተርጓሚው፦ እሺ፣ «የብረት ጉድለት −2.3» ልጻፍ?

መስመር ቆጣሪ፦ እንደዚያ ካልክ ሁለት ጊዜ ቀነስክ። ቁጥሩ የጋሱ ሎጋሪዝም ከፀሐዩ ሲነጻጸር የወጣ ነው፤ መቀነሻው ምልክት ራሱ ጉድለቱን ተናግሯል።

ሥርወ ቃል፦ እንግዲያስ «ሕጸጹ 2.3» በል። ምልክቱ ቃሉ ውስጥ አለ።

ልክ፦ «ጉድለቱ 2.3» ውስጥም አለ።

ተርጓሚው፦ ክሪፕተኑስ? «አልሐጸም» ይባላል?