የፋሞ ሰንሰለት መቼ ይገጠም?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። ባለ 18 ቶኑን የጀርመን ጎታች ፋሞን (ከኋላ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደራዊ መኪና) በ1/35 ሞዴል፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሼ፣ እየሠራሁ ነው። የኋላ ጎማዎቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ከተገጠሙ በኋላ ብሩሽ ውስጥ ድረስ አይገባም። ሰንሰለቱን ቀድሜ ልግጠም ወይስ ልቀባ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ቀባ! እኔ እያንዳንዱን ጎማ ስቴኪኒ ላይ ሰክቼ እያሽከረከርኩ ነው የምቀባው፣ ጠርዙ ላይ ያለው ላስቲክ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ከዛ ከውስጥኛው ረድፍ ጀምረህ ግጠም። ሰንሰለቱ መጨረሻ።

መልስ 2፦ ሰንሰለቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የብረት ቀለም እንዳታደርገው። እውነተኛው ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ የላስቲክ ንጣፍ ነበረው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ታይገር ታንክ የሚጎትት ላደርገው ነው ያሰብኩት።

መልስ 2፦ እንግዲያው አንድ አይበቃህም። ታይገርን ለመጎተት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ፋሞ አንድ ላይ ይያያዝ ነበር።