በዝናብ ቁልቁለት ላይ መኪና ሲንሸራተት ፍሬን ይረገጣል ወይስ ይለቀቃል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው የቸርችል ጎዳና እየነዳሁ፣ ዝናቡ ገና ማካፋት በጀመረበት ሰዓት፣ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት አጋጠመኝ። ፍሬን ስይዝ የመኪናዋ ኋላ ወደ ግራ ሸሸ፤ ለጥቂት ጊዜም መሪው አልታዘዝ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንንም ሳትነካ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ተጠግታ ቆመች። ከዚያ ወዲህ የማገኘው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። ብዙ ዘመን ታክሲ የነዱት አጎቴ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ነው ይላሉ፤ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ያሠለጠኑኝ መምህር ግን አጥብቆ ረግጦ አለመልቀቅ ነው ብለውኛል። መኪናዋ ቪትዝ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ከፊታችን ስለሆኑ የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መላሽ 1፦
አጎትዎም መምህርዎም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያዩ መኪኖች ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ጨርሶ መዞር እንዳያቆም የሚከላከል ሥርዓት) የሌለው መኪና ፍሬኑ ሲረገጥ ጎማው ጨርሶ ሊቆም ይችላል፤ መዞር ያቆመ ጎማ ደግሞ መሪው ወደየትም ቢዞር ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ረገጥ ለቀቅ የሚደረገው ጎማው እንደገና እንዲዞርና መሪው እንዲታዘዝ ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና ይህንኑ ሥራ ከሰው እግር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ራሱ ስለሚሠራ፣ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ቢንቀጠቀጥም ሳይደነግጡ አጥብቀው ይዘው በመሪው መምራት ይበቃዎታል።

በእርስዎ ላይ የደረሰው ግን ከፍሬን አረጋገጥ ያለፈ ነገር አለው። በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ ቀድመው የሚሸሹትም እነሱ ናቸው። ኋላው ወደ ግራ ሲሸሽ ነዳጁን ለቆ መሪውን በለስላሳው ወደ ግራ መመለስ፣ መኪናው መስተካከል ሲጀምርም መሪውን አብሮ ማቅናት ያስፈልጋል። የሚሸሸው የፊቱ ከሆነ፣ ማለትም መሪው ዞሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ መሪውን ይበልጥ ማጠፍ አይረዳም፤ ጥቂት መለስ አድርጎ ጎማው አስፋልቱን እስኪይዝ መታገሥ ይሻላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንድ ውስጥ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ ቸርችልን የሚወርድ ሰው ዝቅተኛውን ማርሽ መምረጥ ያለበት ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው። ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደውን ርቀት ወደ ሩብ ያወርደዋል። ዝናብ ሲጀምርም ከሁሉ የከፉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው፤ በደረቁ ቀናት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተለውሶ ገና አልታጠበም።

መላሽ 2፦
የጎሚስታ ሥራ ስለምሠራ ስለ ጎማው ልጨምር። የጎማ ጥርስ የተሠራው ውሃውን ከሥሩ ጠርጎ እንዲያወጣ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አስፋልቱን አይነካም። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ከፍ ያሉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ እኔ ግን ለክረምት እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። ብዙ ደንበኞቼ ሁለት አዲስ ጎማ ሲገዙ ከፊት ማሰር ይፈልጋሉ። የተሻሉት ከኋላ ቢታሰሩ እመርጣለሁ፤ የኋላው ሲሸሽ መመለስ ከባድ ነውና። ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞችም ይመልከቱ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ይደርቃል።

መላሽ 3፦
ከዘይቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ደጋግ የሰፈር ልጆች ቅርንጫፍ ወይም አሮጌ ጎማ ይተክሉበታል፤ ጎርፍ ሲሞላው ግን ምልክቱም ይወሰዳል። በዝናብ ጊዜ ከፊት ያለው መኪና በሄደበት መስመር፣ ርቀት ጠብቆ መከተል ይጠቅማል። ጉድጓዱን ዘግይተው ካዩት በድንገት ወደ ጎን አይጠምዝዙ፤ ካዛንቺስም ሆነ ሜክሲኮ፣ ጎንዎ ላይ ሚኒባስ ወይም እግረኛ አይጠፋም። የቻሉትን ያህል ፍሬን ይዘው፣ ጎማው ሊገባ ሲል ይልቀቁት፤ በፍሬን የተጫነ የፊት እግር ምቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበላልና። ጥልቅ ውሃ ካለፉ በኋላም ፍሬኑን በቀስታ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የኤቢኤስ መብራቷ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም አይጠፋም። ይህ ምን ማለት ነው?

መላሽ 1፦
መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ኤቢኤሱ ግን አይሠራም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር ቆሽሾ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ስለሚሆን መካኒክ ያሳዩት። እስኪሠራ ድረስ ግን የሚያዋጣዎት የአጎትዎ ምክር ነው።