«ድርቆሽ ግብር አይከፍልም»፦ ሆለታ ባለሀብት የምትስበው በምንድን ነው?

የገነት ልጅ፦ ባለፈው ቅዳሜ በከተማችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከመድረክ የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። ተናጋሪው «ሆለታ ለባለሀብት የሚሆን በቂ ባዶ መሬት አላት፤ የጎደላት ራሷን ማስተዋወቅ ብቻ ነው» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። በእጃቸው የጠቆሙት በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ሜዳ ነበር። ያ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ሳሩ ታጭዶ ድርቆሽ የሚከመርበት ሲሆን፣ የአባቴና የአሥራ አንድ ጎረቤቶቹ ከብቶች በጋውን የሚዘልቁት በዚያ ክምር ነው። ቤት ያልተሠራበት ሁሉ ባዶ ከተባለ፣ የአዳራሹ መካከልም ወንበር አልነበረበትምና እርሱንም ለባለሀብት ያስረክቡልን።

ሒሳብ ሹም፦ ወንድሜ፣ ሰውዬው ቃል አልመረጡ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። በየዓመቱ ትምህርት የሚጨርሰው ወጣት መናኸሪያ ላይ ቆሞ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያለ ከመጥራት ሌላ የሚሠራው የለም። ዱከምን ተመልከት፤ ቁርጥ ከመብላት በቀር ማንም የማይቆምባት ከተማ ነበረች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የቻይናዎቹ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የጫማ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የሠራተኛ ቤት ኪራይ ብቻውን ስንቱን ቤተሰብ አቆመ። በሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንዲት ትንሽ ከተማ በእጇ ያለው መደራደሪያም እርሱ ብቻ ነው። ሳሩን በስስት እየጠበቅን ከተማ አንሠራም። ድርቆሽ ግብር አይከፍልም።

ባለ ሁለት ላሟ፦ ድርቆሽ ግብር አይከፍልም ላሉት ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሆለታ ውስጥ ማኪያቶ ጠጥተው ከሆነ፣ ለካፌው የከፈሉት ተጨማሪ እሴት ታክስ ከየት የተነሣ መሰለዎት? እኔ በግቢዬ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋቸው ሰማይ ከነካ ወዲህ ላሞቼን ያቆየልኝ ከዚያ ሜዳ የምገዛው ድርቆሽና የጎረቤቴ የጠላ አተላ ነው። ድርቆሹ ላሟን፣ ላሟ የወተት ሰብሳቢውን፣ ሰብሳቢው ካፌውን ያኖራል፤ ግብሩ የሚታየው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መጀመሪያው አልከፈለም ማለት አይደለም።

ችግሬን ልንገርዎት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ላም ግን ጾም አታውቅም። ባለፈው ሁዳዴ ሰብሳቢው በሁለተኛው ሳምንት መምጣቱን አቆመ፤ ከመቅረቱ በፊትም ወተቱን በአልኮል እየፈተሸ የግማሹን ጀሪካን «ረግቷል» ብሎ ይመልስብኝ ነበር። አንድ ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ወተቴን ይዤ አስፋልቱ ዳር መኪና ስጠብቅ፣ ጽጌረዳ የጫነ ባለ ማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲበር አጠገቤ አለፈ። የፈረንጅ አበባ በብርድ ተጠቅልሎ ሲሄድ የእኔ ወተት ጀሪካን ውስጥ ይሞቃል። ባለሀብት ይምጣ ከተባለ፣ በጾም ወቅት የሚተርፈውን ወተት ዱቄት ወይም ሳይበላሽ ወራት የሚቆይ እሽግ ወተት የሚያደርግ ይምጣ፤ ሜዳውን ሳይነካ እጄን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ።

አምቦ መንገድ፦ እትዬ፣ እርስዎ የሚሉት ባለሀብት ማሽን ይዞ የሚመጣ ነው፤ እኛ የለመድነው ግን የቆርቆሮ አጥር ይዞ የሚመጣውን ነው። በምመላለስበት መንገድ ዳር ለፋብሪካ ተብሎ ከታጠረ ሰባተኛ ዓመቱን የያዘ ግቢ አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ብትመለከቱ የምታዩት አንድ ዘበኛና ዘበኛው ለራሱ የዘራትን በቆሎ ብቻ ነው። በከተማችን ባዶ መሬት አለ የተባለው እርሱን ከሆነ አልከራከርም፤ በቆሎዋ ግን ከፋብሪካው ይልቅ ታፈራለች።

ሒሳብ ሹም፦ አጥሮ የተቀመጠው ውሉ ይፍረስ፤ በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። ነገር ግን አንዱ ዋሸ ተብሎ ሁሉም አይባረርም። እትዬ ባለ ሁለት ላሟም የተናገሩት ልብ የሚነካ ቢሆንም የሁለት ላም ወተት ከተማ አያስተዳድርም። ድርቆሽ ግብር አይከፍልም ስል፣ ለመንገድና ለውሃ መስመር የሚሆን ገቢ ከሳር አይገኝም ማለቴ ነበር።

የገነት ልጅ፦ እንግዲያው ግብሩን እንመርምረው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ለብዙ አምራች ፋብሪካዎች ለዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ድርቆሹም ግብር አልከፈለም፣ ፋብሪካውም አልከፈለም፤ ልዩነቱ ድርቆሹ የምረቃ ሪባን አልተቆረጠለትም። ልብ ልትለው የሚገባህ ግን ሌላ ነው። ያ ደንብ ለአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላለው ልዩ ዞን የሰጠው የእፎይታ ዘመን ራቅ ላሉት አካባቢዎች ከሰጠው ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለሀብት ገበያውንና አየር ማረፊያውን ፈልጎ ወደዚህ አካባቢ ሳይለመን እንደሚመጣ መንግሥት ራሱ ያውቅ ነበር። ሳይለመን ለሚመጣ ሰው ሜዳችንን መርቀን የምንሰጠው ለምንድን ነው?

ሒሳብ ሹም፦ የሠራተኛው የደመወዝ ግብርስ? እርሱ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆረጣል።

ባለ ሁለት ላሟ፦ ደመወዙ ስንት ሆኖ ነው የሚቆረጠው? በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ የለም። የእህቴ ልጅ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ ወጥታለች፤ ዛሬ ድንች ትቸረችራለች፤ የኑሮዋ ነገር ከቀድሞው ይሻላል ትላለች።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእርሻ ምርምር ነውና ከግብሩ ክርክር ትንሽ ልመልሳችሁ። ዱከምን ብቻ ከምታነሡ ደብረ ብርሃንን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ብርዷም አጥንት ይሰብራል፤ ሆኖም የበግ ጠጉሩ በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ አመጣላት፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የቢራ ፋብሪካው፣ ቀጥሎም የብቅል ፋብሪካው መጣ። የቢራ ፋብሪካ ገብስ ወዳለበት፣ የብቅል ፋብሪካ ደግሞ ሁለቱ ወዳሉበት ይሄዳል። የእኛ ደጋስ ገብስ ያጣል? በዓይናችን ሥር ያለው የሆለታ ምርምር ማዕከል ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጠን የመሳሰሉ የድንች ዝርያዎች ያወጣ ነው። የጀልዱ ገበሬዎች ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ የዘር ድንች እያቆዩ ለሌላ አካባቢ መሸጥ ከጀመሩ ዘመናት ሆነ። እኛ ግን ድንቹን በአጨዳ ሰሞን በወረደ ዋጋ እንሸጥና የማቆያ መጋዘን ስለሌለን ከወራት በኋላ ራሳችን በእጥፍ እንገዛዋለን።

አንድ የምግብ ፋብሪካ ባለቤት ከመምጣቱ በፊት የሚጠይቀው፣ በየካቲትም በነሐሴም ተመሳሳይ ጥራት ያለው ስንት ኩንታል ታቀርቡልኛላችሁ፣ መብራቱስ በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ ያላት ከተማ ሰፊ ሜዳ ባይኖራትም ትመረጣለች።

አምቦ መንገድ፦ ጋሼ፣ በመመረጥ በኩል እኛ ዕድለ ቢሶች ነን። በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ማገዶ ሲጠፋ ዋና ከተማው በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተወስኖ ነበር፤ ባሕር ዛፍ መጣና ሁሉም ባለበት ቀረ። ለጥቂት መቅረት ባህላችን ነው።

ጡረተኛው፦ ያው ባሕር ዛፍ ዛሬ በዙሪያችን ያለውን የወልመራ ወረዳ የስንዴ ማሳ እየበላ ለአዲስ አበባ ግንበኞች አጠና ሆኗል። ገበሬው ያለ ማንም ቅስቀሳ ወደ እርሱ የዞረው ገዢው እጁ ላይ ብር ይዞ ደጁ ድረስ ስለሚመጣ ነው። የድንችና የወተት ገዢም እንዲሁ ቢመጣ ስብሰባ ባላስፈለገ።

ሒሳብ ሹም፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መጋዘኑም የወተት ፋብሪካውም የሚቆመው መሬት ላይ ነው።

ከሱሉልታ ማዶ፦ ከእናንተ በፊት በዚህ መንገድ ያለፍን ሰዎች ስለሆንን ብናገር አይከፋችሁ። ሱሉልታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናት፤ ድሮ ግን ስሟ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ድርቆሿና ወተቷ ነበር። የአጎቴ ሜዳ ሲወሰድ የሠራው የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455 ነበር፤ ካሣው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የሚሰላበት። በወረቀቱ ላይ ገብሱ በኩንታል፣ ባሕር ዛፉ በቁጥር ተመዝግቦ አየሁት፤ ሳሩ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር። በገንዘቡ ባጃጅ ገዛ፤ ባጃጁ በአራተኛው ዓመት ቆመ። ዛሬ ለቀሩት ሁለት ላሞቹ ድርቆሽ በአይሱዙ ከሩቅ ያስመጣል። ሒሳብ ሹም ደስ ይበልዎት፤ አሁን ድርቆሹ በየኬላው እየከፈለ ነው የሚመጣው።

ሒሳብ ሹም፦ ያዘንኩት ከልቤ ነው፤ ሕጉ ግን ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለገጠር ባለይዞታ ካሣውን የሦስት ዓመቱ ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ አድርጓል። ከዚያም በላይ ባለይዞታው መሬቱን ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዲኖረው ደንግጓል። የአጎትዎን ታሪክ አንሥቶ የዛሬውን ሕግ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም።

የገነት ልጅ፦ ቅድሚያው «አቅም ካለው» የምትል ቃል አዝላለች፤ እርሷን ለምን ዘለልካት? የአባቴ አቅም አንድ ማጭድና አሥራ አንድ ጎረቤት ነው። ከአዳራሹ መድረክ «ገበሬዎቹ ተደራጅተው የወተት ማቀነባበሪያ እንዲያቆሙ ብድር እናመቻቻለን» የሚል ቃል ብሰማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ውጭውን ብቻ መጠበቅ ደግሞ ሐዋሳን ያየ ሰው የሚመክረው አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዕቃን ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው አጎዋ የተባለው ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጋ፣ መዘጋቱ እንደተሰማ ትልቁ ገዢ ቀድሞ ዕቃውን ሸክፎ ወጥቷል። ለአጎዋ የመጣ በአጎዋ ይሄዳል፤ ለወልመራ ወተት የመጣ ግን ላሞቹ እስካሉ ድረስ የት ይሄዳል?

ሒሳብ ሹም፦ ሐዋሳ ውስጥ የቀሩ፣ በሌላም የተተኩ አሉ፤ እርሱን አትናገርም። ለማንኛውም የአባትህ ሜዳ ተወሰደ ያለ ሰው የለም፤ በአንድ የመድረክ ንግግር ሦስት ቀን እየተንጫጫን ነው።

ባለ ሁለት ላሟ፦ ንግግር ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ትናንት ማታ ድርቆሽ ልዋዋል ወደ ሜዳው ወርጄ ነበር። ጫፉ ቀይ የተቀባ አራት ችካል ተተክሎ አየሁ፤ አንዱን የጎረቤት በሬ ተፋትጎበት ጥሎታል። ማን እንደተከለው ባለ ክምሮቹን ብጠይቅ የሚያውቅ የለም።

ሒሳብ ሹም፦ የመንገድ ቅየሳ ሊሆን ይችላል። ሳናረጋግጥ ሰው አናስደንግጥ።

አምቦ መንገድ፦ ወዴት የሚወስድ መንገድ?