የአልማዝ ቀለበቱን ማን ግዴታ አደረገው?

ጥያቄ አቅራቢው፦ ከመካከላችን አንዱ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሙ ለማጫ ቀለበት ከባንክ ሊበደር መሆኑን ሲነግረን ብዙዎቻችሁ «አሜሪካ ውስጥ አልማዝ ሳይኖር ማጨት አይቻልም» ብላችኋል። ይህ «አይቻልም» ከየት መጣ? እኔ በገንዘብ የተሠራ ልማድ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ1867 በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አልማዝ በገፍ መውጣት ሲጀምር ባለሀብቶቹ የፈሩት ድንጋዩ ብርቅ መሆኑ እንዳይቀር ነበር። እንግሊዛዊው ባለሀብት ሴሲል ሮድስ በ1888 ደ ቢርስ የተባለውን የአልማዝ ድርጅት አቋቁሞ፣ ኪምበርሊ በምትባለው የደቡብ አፍሪካ ከተማ ያለውን ማዕድን በአንድ እጅ አስገባ። አቅርቦቱ ተያዘ፤ ገዢው ግን በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጠፋ። በ1938 የደ ቢርስ ሊቀመንበር ልጅ ሃሪ ኦፐንሃይመር ኒው ዮርክ ሄዶ ኤን ደብሊው አየር ከተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች የታጩ ዝነኞችን ቀለበት መጠን ሳይቀር እንዲዘግቡ ተደረገ፤ ልጃገረዶች ወደሚማሩባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ አልማዝ የሚያስተምሩ ሰዎች ተላኩ። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን ቃል የዚያው ማስታወቂያ ድርጅት ጸሐፊ ፍራንሲስ ገሬቲ የጻፈችው በ1947 ነው። የአያቶች ወግ የሚመስለን ነገር ዕድሜው ይህን ያህል ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሀል ጀመርኸው። ቀድሞ በአሜሪካ ያጫትን ሴት የተወ ወንድ በፍርድ ቤት ካሣ ይጠየቅ ነበር። ከ1935 ጀምሮ ብዙ ግዛቶች ይህን መብት ተራ በተራ ሻሩት። እጮኝነቷ የፈረሰባት ሴት ስሟም ዕድሏም በሚጎዳበት ዘመን መያዣ አጣች ማለት ነው። ማርጋሬት ብሪኒግ የተባሉ የሕግ ምሁር በ1990 ባሳተሙት ጥናት ቀለበቱ ያንን ቦታ እንደያዘ፣ ፍላጎቱም ከማስታወቂያው ዘመቻ በፊት ማደግ እንደጀመረ ተከራክረዋል። ደ ቢርስ እሳቱን አራገበ እንጂ አልለኮሰም።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ታዲያ ጃፓንን ምን ትያታለሽ? በ1967 ዘመቻው ሲጀመር የአልማዝ ቀለበት የነበራቸው ሙሽሮች ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር። በ1981 ስድሳ ያህል ደረሱ። እዚያ የተሻረ የካሣ ሕግ አልነበረም።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጃፓን ላይ ማስታወቂያው ያደረገውን አልክድም። ነገር ግን ጃፓናውያን ከሰርግ በፊት የሙሽራው ወገን ለሙሽሪት ወገን ስጦታ የሚሰጥበት የቆየ ሥርዓት ነበራቸው። አልማዙ የገባው በዚያ በር ነው። በር በሌለበት ቤት ቢሆን ኖሮ በ14 ዓመት ይህን ያህል አይገባም ነበር።

ወርቅ ሠሪው፦ ልጆቼ፣ እኔ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። «መያዣ» ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። መያዣ ማለት በክፉ ቀን ዋጋውን የሚመልስ ነው። ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በግራም ይታሰባል፤ እጅ ሥራው ብቻ ይቀራል። አልማዝ ግን ከሱቅ በገዙበት ዋጋ ተመልሶ አይሸጥም፤ በነጋታው ቢወስዱት እንኳ ገዢው የሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። «ዘላለማዊ ነው» የተባለው ለፍቅር ብቻ አይደለም፤ አትሽጡት ማለትም ነው። ያገለገለው ሁሉ ገበያ ቢመለስ የአዲሱ ዋጋ ይወድቅ ነበርና። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በ1980ዎቹ «የሁለት ወር ደመወዝ» የሚል መለኪያ ማምጣታቸው ነው፤ ለጃፓን ደግሞ ሦስት ወር አደረጉት። ሚዛኑን ከድንጋዩ ላይ አንሥተው የሰውየው ኪስ ላይ አኖሩት። ይህ በእኛ ሙያ ነውር ነው!

ከሜሪላንድ የምጽፈው፦ ሁላችሁም ስለ ድርጅቱ ትናገራላችሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ ምሳ ሰዓት ልንገራችሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ወርቅ ቀለበት ታሰረልኝ፤ ደስታዬ ሙሉ ነበር። ሥራ ቦታ «እስቲ እንየው» ብለው እጄን ሲይዙ አንዷ «ሌላው መቼ ይመጣል?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። በዓመቱ አልማዝ ካልገዛህልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴም ተጨማሪ ፈረቃ ሠርቶ ገዛልኝ። ያ ክረምት ዛሬም ይቆጨኛል። ማስታወቂያ አይቼ አልነበረም፤ ማስታወቂያውን ያዩት የእነዚያ ሴቶች እናቶችና አያቶች ናቸው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ አድርጋለች። ያው የታመቀ ካርቦን ነው፤ በዓይን አይለይም፤ ዋጋው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ራሱ ደ ቢርስ በ2018 እንዲህ ያለውን አንዱን ካራት (የአልማዝ ክብደት መለኪያ ነው) በ800 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። እህቴን ግን አሁንም «እውነተኛ ነው?» እያሉ ይጠይቋታል።

የተበዳሪው ወንድም፦ ሁሉንም አነበብኩ። ብድሩን ገና አልፈረመም፤ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ስለ ደ ቢርስ አልነግረውም። እጮኛው አልማዝ ጠይቃ እንደሆነ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ እስካሁን የሷን ሐሳብ ማናችንም አልሰማንም።