በአያት ኦና ግቢ ብር መቆፈር፦ መብት ነው ወይስ ጥፋት?

የአንኮበሩ የልጅ ልጅ፦
ባለፈው ሳምንት ያወጣሁት፣ ከአያቴ ግቢ የቆፈርነውን ብር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ስላስቆጣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። የአያቴ ግቢ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሰው ከለቀቀው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረው የተደረመሰ ካብ፣ አንድ ወይራና የምድጃው ሦስት ጉልቻ ነው። የእህቴ ባል ወርቅ አውጪዎች የሚይዙትን ዓይነት ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ገዝቶ ነበርና በበዓል ሰበብ ይዘነው ወረድን። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኘነው የማረሻ ስባሪ፣ ምስማርና አረንጓዴ የለበሰ የውጅግራ ቀለህ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉልቻው ዘንድ ስንደርስ የመሣሪያው ድምፅ ተለወጠ፤ ቀጠነ፣ ጠራም። ጉልቻዎቹን ፈንቅለን ክንድ ያህል ስንቆፍር ከበሰበሰ ቆዳ ጋር ሁለት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና አንድ የምኒልክ ሩብ ወጡ። በሎሚና በአመድ አሽተን አጠብናቸው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የአያቴን ብር ከአያቴ ግቢ ባወጣ ማንን በደልሁ?

የታሪክ መምህሩ፦
ሎሚው ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንሁ። ልጄ፣ ያንን ጥቁር ልባስ ያበጀው ዘመን ነበር፤ አንተ በአንድ ከሰዓት ገፈፍኸው። እሱ ግን ከጥፋቱ ትንሹ ነው። እስቲ የምጠይቅህን መልስልኝ። ብሮቹ የነበሩት ከአመዱ በላይ ነው ወይስ በታች? አመዱ ስንት ጣት ይወፍር ነበር? ገል አልነበረም? ቆዳውስ የት ደረሰ?

የአንኮበሩ የልጅ ልጅ፦
ገል ብዙ ነበር፤ ወደ ገደሉ ወረወርነው። ቆዳው እጃችን ላይ ፈረሰ። አመዱን እውነት ለመናገር አላስተዋልሁም፤ ዓይናችን ብሩ ላይ ነበር።

የታሪክ መምህሩ፦
ነገሩ ይኸው ነው። ጠገራው ላይ የተጻፈውን ዓመት አይተኸዋል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 ይላል። መልኳ የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲቀረጽ የኖረው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና። ስለዚህ አንዱ ጠገራ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ በግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ የወረደ ይሁን፣ ወይም ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ለወታደሮቹ ስንቅ መግዣ ያመጣው ይሁን፣ ከተጻፈበት ዓመት አታውቀውም። ሊነግርህ ይችል የነበረው የተኛበት አፈር ነው። ሩቡ በመጠኑ ይረዳሃል፤ የምኒልክ ገንዘብ መውጣት የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ግድም ስለሆነ ከዚያ በፊት እንዳልተቀበረ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ መቼ ተቀበረ? ምድጃው ሳይሠራ ነው ወይስ ከተሠራ በኋላ? ቤቱ ተቃጥሎ ያውቃል? ይህን ሁሉ በዶማ ጨረሳችሁት።

የብር አንጥረኛ ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለጠገራ ይህን ያህል ልቅሶ አልገባኝም። አባቴ አንጥረኛ ነበሩ። ጠገራ የሚገዙት በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ነበር፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራው ከገበያ ወጥቶ ወናፍ ፊት ቀረበ። በየእናቶቻችን አንገት ላይ ያለው መስቀል፣ ድሪው፣ አልቦው፣ ስንቱ ከዚያ የተሠራ ነው! አባቴን ቅርስ አጥፊ ያላቸው አንድም ሰው አላስታውስም፤ እንዲያውም ባለ እጅ እየተባሉ ነው የተከበሩት። ዛሬ አንድ የልጅ ልጅ ሦስት ብር ስላወጣ አገር እሪ ይበል?

የአክሱሟ፦
ጠገራውን ተዉትና መሣሪያው ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡ። እኛ ዘንድ ዝናብ በጣለ ማግስት ልጆች ማሳ ለማሳ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። የሚያገኙት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነሐስ ናት፤ ለቱሪስት ትሸጣለች። እኔም በልጅነቴ ሸጫለሁ፣ አልዋሽም። አንዷ እስካሁን ትታየኛለች፤ ዙሪያዋን አረንጓዴ ለብሳ መስቀሏ መሐል ላይ የወርቅ ቅብ ብልጭ ይል ነበር። ነሐስ ላይ ወርቅ መቀባት የአክሱም ቀራጮች ልዩ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ንጉሥ ወዘባን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። በገንዘቡ ላይ ስሙን በግዕዝ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ነው። ሐውልት አልቆመለትም፣ ዜና መዋዕል አልተጻፈለትም፤ ገንዘቡ ባይገኝ ኖሮ እንዲህ የሚባል ንጉሥ መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም። የኤዛናንም ክርስትና መቀበል ገንዘቡ ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ሲተካ ታነቡታላችሁ። እኔ በአንድ ዳቦ ዋጋ የሸጥሁት የማንኛው ንጉሥ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ጊዜ በእጃችን እንለቅም ነበር። በመሣሪያ ቢሆን አንድ ክረምት ይበቃል።

ጠበቃዋ፦
ስሜቱን ለሌሎች ትቼ ሕጉን ልናገር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሁለት ሰዎችን ይለያል። አንደኛው መሠረት ሲቆፍር፣ መንገድ ሲሠራ ወይም ሲያርስ ድንገት ያገኘ ነው። ይህ ሰው ያገኘውን እንዳለ ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት፤ ተገቢውን ሽልማት ያገኛል፣ ወጪ ካወጣም ይተካለታል። ሁለተኛው ሆን ብሎ ቅርስ ፍለጋ የሚቆፍር ነው፤ ለእሱ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወንድሜ፣ መሣሪያ ይዞ ሦስት ቀን የሰነበተ ሰው «ድንገት አገኘሁ» ቢል ዳኛው ፈገግ ይላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተቀበረ ሀብት የሚናገረውን፣ ለአግኚው የዋጋው ግማሽ ይሰጣል የሚለውን፣ የምትጠቅሱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚያው ላይ ጥንታዊ ቅርስን የሚመለከት ልዩ ሕግ እንደተጠበቀ ነው ተብሏል፤ እሱንም አብራችሁ አንብቡ። ይህ ጠገራ በሕጉ ዓይን ቅርስ ነው ወይ የሚለው ግን በእውነት ያከራክራል። ባለሙያ ያላየውን እኔ እዚህ አልፈርድም።

ከበርሚንግሃም፦
እኔ ከምኖርበት አገር ብትማሩ ደስ ይለኛል። እንግሊዝ ይህን ሥራ አልከለከለችም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣ የከበረ ግኝት ሕግ አላቸው፤ ያገኘ ያሳውቃል፣ ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ተገምቶ ይከፈላል። በዚያው አቆጣጠር በ2009 አንድ ሰው በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ በዚሁ መሣሪያ የድሮ ሳክሶኖችን ወርቅ አገኘ፤ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ለእሱና ለባለ ማሳው እኩል ተከፈለ። ወርቁ እዚሁ ከተማችን ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ሰው ጥቅሙን ካገኘ ለምን ይደብቃል?

ጠበቃዋ፦
ጥቅሙ እያለም የደበቁ ነበሩ። እዚያው እንግሊዝ፣ በእነሱው አቆጣጠር በ2015 ያገኙትን ቅርስ ሳያሳውቁ የሸጡ ሁለት ሰዎች በ2019 አንዱ 10፣ ሌላው 8 ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸዋል። ደግሞም እዚያ ያለ ባለ ማሳው ፈቃድ መግባት የለም፤ በታሪካዊ ሥፍራነት የተመዘገበ ቦታ ላይ መሣሪያውን ማብራትም ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ በየአውራጃው ተቀምጦ የተገኘውን የሚመዘግብ ባለሙያ አላቸው። እሱን ትተን ክፍያውን ብቻ እናምጣ ካልን፣ የምናመጣው ዶማ ነው።

የመርሐቤቴው፦
እህቴ፣ «ሽልማት ያገኛል» ያልሽው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ሲያርስ ማረሻው አንድ የነሐስ መስቀልና ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር አወጣለት። ደግ ገበሬ ነውና በነጠላው ጠቅልሎ፣ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ፣ ስሙን ለማልጠራው መሥሪያ ቤት አስረከበ። ደረሰኝ ጠየቀ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በሳምንቱ ሲመለስ ዕቃውን የተቀበለው ሰው ተዛውሯል። ጎረቤቱ ሌላ ነገር ሲያገኝ አባቴን ምን አድርግ ትለኛለህ ብሎ ጠየቀው። አባቴ የመለሰለትን ልንገራችሁ? ምንም። ዝም ብሎ ጠላውን ቀዳለት። ጎረቤቱ የት እንደሸጠው ዛሬም አናውቅም።

የታሪክ መምህሩ፦
ይህ እውነት ነው፤ ያማልም። ገበሬውን ሌባ የምናደርገው እኛው ነን። በትግራይ «የሀ» በተባለው ሥፍራ አካባቢ ያለውን፣ የአክሱም ዘመን ከተማ የነበረችውን የቤተ ሰማዕቲን ቁፋሮ አስቡ፤ ተመራማሪዎቹን ኮረብታው ቁም ነገር እንዳለው የነገሯቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ነው ባዚሊካው፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበትም የወጣው። መሬቱን ከሚያውቅ ሰው የሚበልጥ መሣሪያ የለም፤ እሱን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠይቀውም።

የቀድሞ ወታደር፦
አንድ ነገር ብቻ። መሣሪያው ብር ይሁን ያልፈነዳ ጥይት አያውቅም፤ ለሁለቱም ይጮኻል። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ባለፈበት ምድር ሁሉ እረኛ ልጆች ምን እንዳገኛቸው የሰማችሁ ትሰማላችሁ። እኛ ብረት ጠቋሚ የምንይዘው ለመቆፈር ሳይሆን ላለመርገጥ ነበር።

የመርካቶው ነጋዴ፦
እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። «ለቤት መሠረት ስንቆፍር የወርቅ ሐውልት አገኘን፣ ሰው እንዳይሰማ» የሚል ስልክ ያልተደወለለት አለ? አጎቴ ሁለት በሬ ሸጦ ገዛ። ሐውልቱ የተወለወለ ናስ ነበር። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ባወጣችሁ ቁጥር ለእነዚያ ሰዎች ሥራ ታቀሉላቸዋላችሁ።

የአንኮበሩ የልጅ ልጅ፦
ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስሁ። መምህር፣ ጥያቄዎን ይዤ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት አክስቴ ደወልሁ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ እዚያው ግቢ ነው የተወለዱት። ቀድሞውኑ እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ጉልቻው ሥር ስላቸው አላስጨረሱኝም። «ታዲያ የት ሊሆን ኖሯል! እናቴ ናት የቀበረችው፣ ጣሊያን ሊገባ ሲል። ለተዝካሯ ያኖረችው ነው። ከቀበረችው በኋላ ምድጃውን በላዩ አዛወረችው፤ እሳት እየነደደ ማን ይጠረጥራል?» አሉ። አያቴ አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ነው የሞቱት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሣውም።

ስለዚህ ብሩ ከአመዱ በታች ነበር ማለት ነው፣ መምህር።

የታሪክ መምህሩ፦
እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ያሉትን ሁሉ በስልክህ ቅዳልኝ፤ ዛሬውኑ።

የአንኮበሩ የልጅ ልጅ፦
እቀዳለሁ። ግን ሌላ ነገር አለ። ስንት አገኛችሁ አሉኝ። ሁለት ጠገራና አንድ ሩብ አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ሩቡስ አንድ ነው። ጠገራው ግን አምስት ነበር፤ እናቴ ስትቆጥርልኝ ነው ያደግሁት» አሉ።

የብር አንጥረኛ ልጅ፦
ሦስቱ የት ሄዱ ታዲያ? መሣሪያው አሁን ማን ዘንድ ነው?

የአንኮበሩ የልጅ ልጅ፦
የእህቴ ባል ዘንድ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስልኩ አይነሣም።